ዓባይ በረሃ ላይ «ግፋበት» አትበሉ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች፣ ይህን የምለው ለልጆቻችን አይደለም። እነሱ መንዳቱን ያውቃሉ፤ ያላወቁትንም ጠይቀው ይደርሱበታል። የምናገረው ጋቢያችንን ደርበን፣ ከዘራችንን በጉልበታችን መካከል አቁመን ከፊት ወንበር ለምንቀመጠው ለእኛ ነው። በአገራችን ደንብ መሪውን የሚጨብጠው ልጅ ቢሆንም ጉዞውን የሚያዘው አባት ነው። አባት «ሳይመሽ እንግባ፣ ግፋበት» ካለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የፈለገው መብራት ቢበራ ልጅ «አባባ፣ እዚህ እንቁም» ለማለት ይከብደዋል። ያፍራል። «ያን ሁሉ ብር ያፈሰስክበት መኪና ዳገት ፈራ?» እንዳይባል ይሰጋል። እናም መኪናው በዓባይ በረሃ ጉልበቱን ጥሎ ቢቆም፣ ከሚጠየቁት አንዱ ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ ነው።

ጉልበት ጥሎ መቆም ስል የድሮውን ዓይነት አይደለም። ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬ የሚባሉትን የጭነት መኪኖች ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ሞተር ሊቆም ሲል አስቀድሞ ይናገር ነበር። ይንገጫገጫል፣ ያጨሳል፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ ያደርጋል፣ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ጆሯችን የሠለጠነው በዚያ ነው። ዛሬም ከልጅ ጎን ተቀምጠን የመኪናውን ጤንነት የምናውቀው በጆሯችን ይመስለናል። በየበዓሉ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሃይብሪድ የሚባሉት መኪኖች ግን ከመጀመሪያውም ብዙ ድምፅ የላቸውም። ደህና ሲሆኑም ዝም ይላሉ፣ ሲታመሙም ዝም ይላሉ። በደህናው ጊዜ የቤንዚኑ ሞተር በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ ስለዚህ ድምፁ ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ጆሮ እዚህ ቦታ ምስክር ሊሆን አይችልም። የሚናገረው መሪው ፊት ለፊት የሚበራው መብራት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አብዛኞቻችን መነጽር አድርገንም አናነበውም።

ነገሩን በምናውቀው ልግለጠው። መኪናው ሁለት ጉልበት አለው፤ አንዱ ቤንዚን የሚጠጣው ሞተር፣ ሌላው በኤሌክትሪክ የሚዞር ሞተር። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከጀርባው የተቀመጠ ትልቅ ባትሪ ነው። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይስባሉ። ቀንበራቸው ኢንቨርተር የሚባል ሣጥን ነው፤ ባትሪው የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደሚፈልገው ዓይነት የሚለውጠው፣ ፍሬን ሲያዝም የተመለሰውን ጉልበት ወደ ባትሪው የሚያስገባው እሱ ነው። አሁን ልብ በሉ። በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች የቤንዚኑ ሞተር የተለየ ሞተሪኖ የለውም፤ የሚያስነሳው በዚያው በትልቁ ባትሪና በኢንቨርተሩ በኩል ነው። ዲናሞም የለም። ስለዚህ ቀንበሩ ሲሰበር ጤነኛው በሬም አብሮ ይቆማል። ታንኩ ሙሉ ቤንዚን ይዞ፣ ሞተሩ ምንም ሳይነካ፣ መኪናው መንገድ መሃል ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። «ቤንዚኑ እያለ እንዴት ይቆማል?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ መልሱ ይህ ነው።

ተረት እንዳይመስላችሁ በአደባባይ የታወቀውን ልጥቀስ። ቶዮታ የመጀመሪያውን ፕሪየስ ለጃፓን ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ኩባንያው ራሱ ሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ፣ በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ያህል መኪና፣ ወደ ጋራዥ መልሱልኝ ብሎ ጠራ። ችግሩ የነበረው ኢንቨርተሩን በሚያዘው ፕሮግራም ላይ ነው። ከፍተኛ ጉልበት ሲጠየቅ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ከመጠን በላይ ይግሉና ሊበላሹ ይችሉ ነበር። ያኔ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ይበራሉ፣ መኪናው ጉልበቱን ቀንሶ እየተጎተተ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎም እየተነዳ ሳለ ሁሉ ነገር ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 እንደገና 2.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ሃይብሪዶች ተጠሩ፤ ምክንያቱም ብልሽት ሲገጥማቸው ወደዚያ ወደ ቀነሰው ጉዞ መግባት ሲገባቸው ሳይገቡ ጭራሽ ሊቆሙ እንደሚችሉ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ደግሞ 752 ሺህ ያህል መኪና በተመሳሳይ ጉዳይ ተጠራ። ስም ለማጥፋት አይደለም ይህን የማነሳው። ጥፋቱን በአደባባይ ተናግሮ በነፃ የሚጠግን ኩባንያ ከሚደብቀው ይሻላል። ነገር ግን ያ ጥሪ የደረሰው በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉት ባለመኪኖች ነው። ከዚያ በሁለተኛ እጅ ተሸጦ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጂቡቲ በኩል የገባ መኪና ጥገናው ተደርጎለት ይሁን ሳይደረግለት፣ የሚገዛው ልጃችን ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

እስቲ አስቡት፤ «ከፍተኛ ጉልበት ሲጠየቅ» ማለት በእነሱ አገር አውራ ጎዳና ላይ ሌላ መኪና ለማለፍ ለጥቂት ሰከንድ ነዳጅ መስጫውን መርገጥ ነው። በእኛ አገር ግን ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ድረስ ያለው ዳገት ነው።

ይህን መንገድ እናውቀዋለን ብለን የምንዘነጋውን ነገር ላንሳ። ጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ወንዙ 1,100 ሜትር ገደማ፤ ደጀን ደግሞ እንደገና 2,400 አካባቢ። በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ። ታች ያለው የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። ድልድዩም የጃፓን፣ መኪናውም የጃፓን፤ ዳገቱ ግን የራሳችን ነው።

ቁልቁለቱን እንጀምር፤ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው እንጂ ክፉው ነገር የሚጀምረው ቁልቁል ሲወረድ ነው። ሃይብሪድ ሲወርድ ጎማው የኤሌክትሪኩን ሞተር ያዞርና ባትሪውን ይሞላል፤ ያ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ የፍሬን ሸራውም አይበላም። መልካም ነው። ግን ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳይደረስ ባትሪው ጢም ይላል። ጢም ካለ በኋላ የሚቀበል ቦታ የለምና ያ የሚይዝ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሸክሙ ሁሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በራሱ ሲጮህ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ፤ ትርፉን ኤሌክትሪክ ለማውጣት መኪናው ራሱ ሞተሩን እያዞረ ነው። ማርሹ ላይ «ቢ» የምትል ፊደል ካለች፣ ልጁ ገና ከላይ ጀምሮ ማርሹን እሷ ላይ ያድርገው፤ ለዚህ የተሠራች የቁልቁለት ማርሽ ናት። የእኛ ትውልድ ክፉ ልማድ እዚህ ላይ ይመጣል፦ «በዜሮ ማርሽ ልቀቀው፣ ቤንዚን እንቆጥብ።» በሃይብሪድ ይህ ምንም አይቆጥብም። ዜሮ ማርሽ ላይ ሲሆን ባትሪው መሙላቱን ያቆማል፣ የሚይዘው ጉልበትም ይጠፋል፣ የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነው። በዓባይ በረሃ ፍሬን በጠሰ የተባለ መኪና ወሬ ያልደረሰው ቤት በጎጃም የለም። ቆሞ ተራ ሲጠበቅም እንዲሁ ነው። በዜሮ ማርሽ ረጅም ጊዜ ከቆመ፣ ሞተሩ ቢሠራም ባትሪው አይሞላም፤ እያለቀ ይሄዳል።

አሁን ዳገቱ። ታች ያለው ሙቀት የቆላ ሙቀት ነው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ በሙቀቱ ላይ ሙቀት ጨምረው ሽቅብ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ላይ ባትሪው ስለተሞላ መኪናው እየበረረ ይወጣል፤ ልጁም ደስ ይለዋል፤ አባትም «ይኸው!» ይላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወጣ ባትሪው ያልቅና ቤንዚኑ ሞተር ብቻውን ይቀራል። እሱ ደግሞ ቤንዚን እንዲቆጥብ የተሠራ እንጂ ለጉልበት የተሠራ አይደለም። ከዚያም በላይ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳል። ወደ ደጀን ሲቃረብ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ የጫነ መኪና እዚህ ላይ ቢያዘግም ተበላሸ ማለት አይደለም። ልጁ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የሚጨምረው ጩኸትና ሙቀት ብቻ ነው። ቀኙን ይዞ፣ ዝግ ብሎ ይውጣ። ከኋላ ያለው አይሱዙ ጡሩንባ ቢነፋ ይንፋ።

ቀስ ማለትና መታመም ይለያያሉ፤ የሚለያቸውም መብራቱ ነው። ቀይ ወይም ብጫ ሦስት ማዕዘን በውስጡ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዞ ከበራ፣ የሞተር ቅርጽ ያለው መብራት ከበራ፣ ወይም ስለ ሃይብሪዱ የሚናገር ጽሑፍ ከወጣ፣ ያ ድካም አይደለም። መኪናው በቀረችው ጉልበት ጥቂት ሊሄድ ይችል ይሆናል፤ ያቺ ጉልበት ግን የተተወችለት ከመንገድ እንዲወጣ ነው፣ ደጀን እንዲደርስ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው በዚህች ነው። «እየሄደ አይደል? ምን ሆነ?» ይባላል። ሄደ፣ ሄደና ኩርባው ላይ፣ ከፊት ከባድ መኪና ሲወርድ፣ ጭራሽ ዝም ይላል።

ኃይሉ እየተነዳ ሳለ ከጠፋ ምን ይደረግ? ይህን ለልጁ ስትነግሩት በእርጋታ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት፤ በዚያች ሰዓት መጮህ አይረዳም። መሪውን አጥብቆ ይያዝ። መሪውን የሚያቀለው ከትልቁ የተለየው ትንሹ ባትሪ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይከብዳል፤ ቢከብድም ይዞራል። አራቱንም ፍሬቻ ያብራ። መኪናው ገና ፍጥነት ሳለው በዚያው ፍጥነት ወደ ዳር ይውጣ። ፍሬኑን አንዴ በኃይል ረግጦ እንደያዘው ይቆይ፤ እየረገጡ መልቀቅ፣ እየረገጡ መልቀቅ የተጠራቀመውን ግፊት ይጨርሰዋል፣ ፔዳሉም ይጠጥራል። ማስነሻውን ቁልፍ ወይም ቁልፉን የሚተካውን መጫኛ መኪናው ሳይቆም አይንካ፤ ያን ካጠፋው መሪውንም አብሮ ያከብደዋል። ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ታኮ። ዳገት ላይ ከሆነ ታኮው ከጎማው ኋላ ነው፤ ይህን ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ሁላችሁም ውረዱ፤ ገደሉ ባለበት ወገን ሳይሆን ተራራው ባለበት ወገን፣ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ብርድ ነው ብሎ መኪና ውስጥ የሚቀር ሽማግሌ አይኑር፤ ከኩርባው የሚመጣው ሾፌር የቆመ መኪና ይኖራል ብሎ አይጠብቅም።

አሁን ደግሞ እኛ ራሳችን በእጃችን ስለምናመጣው ጣጣ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ልጅ በዓል ውሎ ሲመለስ ባዶ እጁን አይሄድም። ጤፉ በጆንያ፣ ቅቤው በቅል፣ ሽሮው በፌስታል ይጫናል። የኋላ ኮፈኑ ሞልቶ ሲተርፍ የቀረው ኋላ ወንበር ላይ ይደረጋል፤ ላዩ ላይ ጋቢ ይጣልበታል። በብዙ ሃይብሪዶች ውስጥ ግን ከኋላ ወንበሩ ጎን ወይም ከሥሩ ወንፊት የመሰለ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ትልቁ ባትሪ የሚተነፍስባት እሷ ናት፤ አንዲት ማራገቢያ ከመኪናው ውስጥ ያለውን አየር በዚያ እየሳበች ባትሪውን ታቀዘቅዛለች። ጆንያው ያንን ሲደፍነው ባትሪው ይታፈናል፣ ይግላል፣ መኪናውም ባትሪውን ለማዳን ሲል ጉልበቱን ይቀንሳል። ጆንያ ባይደፍነውም አቧራውና ገለባው ውስጥ ገብቶ ማጥለያውን እያደር ይዘጋዋል። ከቢቸና ገበያ ጤፍ ጭኖ የተመላለሰ መኪና ያቺን ማጥለያ አውጥተው ቢያዩት ምን እንደሚወጣ ገምቱ። ማጥለያውን ማጽዳት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ባትሪውን መቀየር ግን የስንት በሬ ዋጋ እንደሆነ ልጃችሁን ጠይቁት፤ ይነግራችኋል። ስለዚህ እናቶች፣ እናንተም አድምጡኝ፤ ስትጭኑ «ይህ መኪና የሚተነፍሰው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጤፉን ከኋላ ኮፈን፣ ካልበቃም በሚቀጥለው አውቶብስ ላኩት።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። ማደያ ሲደርቅ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር እንደሚሸጥ የምናውቀው ነው። ላምባ ወይም ውሃ የተቀላቀለበትን ቤንዚን አሮጌ መኪና እያነጠሰም ቢሆን ያሻግረው ይሆናል፤ ይህኛው ግን ሞተሩ በደንብ አልነድ ሲለው ኮምፒውተሩ ሁሉንም ሊዘጋው ይችላል። ቤንዚን እስኪያልቅ መንዳትም እንዲሁ ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅ በባትሪው ጥቂት ይሄድና «ይኸው አልቆም አለ» ያስብላል፤ ከዚያ ባትሪውም ይሟጠጣል። በሁለቱም በኩል የተሟጠጠ ሃይብሪድ ቤንዚን ቢቀዳለትም ላይነሳ ይችላል።

ሦስተኛው ውሃ ነው፤ ሁለት ዓይነት። በላቫጆ ኮፋኖውን ከፍቶ በኃይለኛ ውሃ ሞተር ማጠብ በእነዚህ መኪኖች መቅረት አለበት። ሁለተኛው መኪናው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ሁለት የማቀዝቀዣ ማጠራቀሚያ አላቸው፣ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለኢንቨርተሩ። ጋራዥ ሲገባ የሞተሩ ይሞላል፤ የኢንቨርተሩን ማንም አያየውም። የኢንቨርተሩን ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ፓምፕ ምክንያትም መኪና ጠርቷል። መኪናው በርቶ ሳለ በኢንቨርተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲናወጥ መታየት አለበት። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወደ በረሃው አይወረድም።

መኪናው አንዴ ከቆመ በኋላ ደግሞ የደግ ሰው እጅ ይፈራል። ወገናችን ደግ ነው፤ መኪና ቆሞ ያየ ሁሉ ይሰበሰባል፣ «እንግፋው» ይላል። ሃይብሪድ ተገፍቶ አይነሳም፤ ቢገፉት ድካም ነው። ቀጥሎ «በአይሱዙው እንጎትተው» ይባላል፣ ገመድ ይታሰራል። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ የኤሌክትሪኩ ሞተርም አብሮ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የተበላሸውን ያቃጥላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ከመንገድ ለማውጣት ጥቂት ሜትር በሰው እጅ ማስጠጋት ይቻላል። ደጀን ድረስ ግን በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ ወይም የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። «ባትሪው ደክሞ ነው፣ ከአይሱዙው ባትሪ በኬብል እናስነሳው» ይላል አንዱ። የአይሱዙ ባትሪ አሠራሩ 24 ቮልት ነው፤ የልጃችሁ መኪና ትንሹ ባትሪ 12 ነው። ያገናኘ ሰው ኮምፒውተሩን ሁሉ በአንድ ብልጭታ አመድ ያደርገዋል። ኮፋኖው ሲከፈትም ብርቱካናማ ቀለም የተለበሱ ወፋፍራም ገመዶች ይታያሉ። በእነዚያ ውስጥ የሚሄደው የቤታችን 220 ቮልት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ እስከ 650 ቮልት ይደርሳል። ጎሚስታውም ይሁን ብየዳ የሚያውቀው ጎረምሳ እጁን እንዳያስጠጋ ከልክሉ። እዚህ ላይ የሽማግሌ ቃል ይሰማልና ቃላችሁን ተጠቀሙበት።

በሰንበቴ ወግ ላይ ይህን ሳነሳ አንድ ወንድማችን የመለሰልኝን አልረሳውም። «መቆሙን ትላለህ፣» አለኝ፣ «በዚህ ዘመን በበረሃ መቆም ከመኪናው ብልሽት የባሰ አይደለም ወይ?» እውነት ነው፤ አልተከራከርኩትም። በክልላችን ግጭቱ ከበረታበት ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ መንገዳችን ምን እንደሆነ፣ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልክም ሲቋረጥ እንደነበር ለእናንተ አልተርክም። «ግፋበት» የምንለው ከጉራ ብቻ አይደለም፤ ከፍርሃትም ነው፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ግን ፍርሃቱን የሚያስታግሰው መብራት እየበራ መውረድ አይደለም። መብራት በርቶበት የወረደ መኪና ነው በመሸ ጊዜ፣ በማይቆምበት ቦታ የሚቆመው። መላው ከሰዓቱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ጎሃ ጽዮን የሚደርሰው 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው፤ እዚያ በረፋድ የሚደርስ ከሆነ በረሃውን በቀን ይጨርሳል። ከሰዓት በኋላ ከደረሰ እዚያው ይደር። ከሞጣና ከደብረ ወርቅ የሚነሱትም ደጀን ላይ እንዲሁ ይቁረጡ። መብራት ከበራ ደግሞ ቀንም ቢሆን ጎሃ ጽዮን ላይ ወይም ደጀን ላይ ይቅሩ፤ መኪናው ይቅር፣ ሰው በሌላ ይሂድ። ለቅሶ ለመድረስ ተብሎ ሌላ ለቅሶ አይጨመርም። ሠርግም ቢሆን ይጠብቃል፤ ካልጠበቀም በሌላ ቀን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይባላል።

ልጅ እንዲህ ዓይነት መኪና ልገዛ ነው ብሎ ምክር ሲጠይቃችሁ ዋጋውንና ቀለሙን ብቻ አትጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምታችኋል፤ ስለዚህ ሰው ፊቱን ወደ ባትሪ አዙሯል፣ ደላላውም ያውቀዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ በኩባንያው ዘንድ የቀረ የጥገና ጥሪ እንዳለበት ያጣራ። ባትሪው በኮምፒውተር ይታይ። የሚታየው ግን በሻጩ ጋራዥ አይሁን። አንዳንድ ጋራዥ መብራቱን በኮምፒውተር ያጠፋና «ተሠራ» ይላል፤ የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ ብልሽቱ እዚያው አለ፣ በመጀመሪያው ዳገት ላይ ተመልሶ ይበራል። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ከመግዛቱ በፊት መኪናውን ሰው ጭኖ እንጦጦን ያስወጣው። ሻጩ ለዚህ እምቢ ካለ ልጁ መልሱን አግኝቷል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። መኪና ሲቆም በእኛ አገር ሦስት ማዕዘኑ ምልክት እያለም ቢሆን ከኋላና ከፊት ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል። ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ይጀመር፣ ከኩርባው ወዲያ ጭምር፣ ሃምሳና መቶ እርምጃ ርቆ። መኪናው ተጭኖ ሲነሳ ግን ሁሉም እፎይ ብሎ ይሳፈራል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ታኮ የነበረውም መንገዱ መሃል ይቀራል። ማታ መብራት ደብዝዞበት የሚመጣ ባለ ሞተር ሳይክል ያንን አያየውም። ልጁ ከመካኒኩ ጋር ስልክ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ዕቃ ይሰበስባሉ፤ ሥራ የሌለው ከፊት ወንበር የወረደው ሽማግሌ ነውና ከዘራውን ለአንዱ አስይዞ ድንጋዮቹን እሱ ያስነሳ፣ ስንት እንደተደረደሩም መጀመሪያ ሲቀመጡ ቆጥሮ ይያዝ።